ጭቃው ሌላ ይላል

ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና 30 ኪሎ ሜትር ሳይሞላው ሐይቅ ከተማ ይገባል። ከተማዋ ስሟን ከውሃው ተዋሰች፤ ውሃው ደግሞ ሌላ ስም ሳይፈልግ «ሐይቅ» ተብሎ ቀረ። በስተሰሜን ያለውን አምባሰልን አብዛኛው ሰው ከተራራው ይልቅ በቅኝቱ ያውቀዋል። ስለዚህ አገር የሚወራው ብዙ ነው። ሐይቁ ግን የራሱ መዝገብ አለው፤ እሱም ከሥሩ የተከመረው ጭቃ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅ ሳለን መጀመሪያ የሰማነው የነፍሰ ጡሯን ታሪክ ነው። አንዲት ልዕልት በደለቻት፤ ሴትዮዋ ወደ ፈጣሪ አለቀሰች፤ እሷ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆነ፤ ልዕልቲቱም ሰጠመች። የተረፈችው ቁራሽ መሬት ኋላ የእስጢፋኖስ ገዳም የተተከለባት ደሴት ናት ይባላል። የሥነ ምድር ባለሙያ ይህን ሰምቶ የሚስቅ እንዳይመስላችሁ። ሐይቁ ያለው የወሎ ደጋ ወደ አፋር ዝቅታ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ምድር ስትሰነጠቅ፣ አንዱ ወገን ከፍ ብሎ ሲቀር ሌላው ሲሰጥም ኖሯል፤ ውሃው የተኛውም እንዲህ በተፈጠረ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። መስመጡስ እውነት ነው። በአንድ ሌሊት መሆኑና ልዕልቲቱ ናቸው የማይገጥሙት።

«ወለል የለውም» የሚሉም አሉ። አለው። በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ ከ80 ሜትር ትንሽ ያልፋል።

«ውሃው ከጥንት ጀምሮ እንዳለ ነው» የሚለውን ደግሞ ገዳሙ ራሱ ያፈርሰዋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርታቸውን ሲያስተምሩበት ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት ነበር። በ1520ዎቹ በዚያ ያለፈው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም መነኮሳቱ በታንኳ ሲሻገሩ ነው ያገኛቸው። ዛሬ በእግር ይገባል፤ ወንድ ለሆነ ማለቴ ነው፣ ሴት አይገባበትም። ውሃው ሸሽቶ ደሴቱን ከየብስ ጋር አገናኝቶታል። ወደኋላ ርቀን ብንሄድ ደግሞ ለውጡ ከዚህም ይብሳል። በ2018 የታተመ ጥናት ከሐይቁ ወለል የ15,600 ዓመት ደለል አውጥቶ፣ በውስጡ የቀሩትን ዳያቶም የሚባሉ ደቃቅ የውሃ እፅዋት አንብቧል። መጀመሪያ ላይ ሐይቁ በድርቅ የሳሳ ነበር፤ ኋላ ዝናቡ ሲመለስ ሞልቶ ጥልቅ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር፤ ጨርሰን የቆረጥነው እኛ ነን።» ይህን በትምህርት ቤት ያልሰማ፣ በስብሰባ ላይ ያልደገመ ማን አለ? እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን የቁጥሩን ምንጭ አሳድዶ በ1997 የጻፈውን ሳነብ ግን ደነገጥኩ። አንዱ ሪፖርት ከሌላው እየገለበጠ ያደረሰው ነው እንጂ ከሥሩ ልኬት የለውም።

የሐይቅ ጭቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ሣሩም ሳይቀር በየዓመቱ የአበባ ዱቄት ይበትናሉ። ነፋስ ያነሳዋል፣ ጎርፍ ያጥበዋል፤ ሐይቁ ላይ ያረፈው ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። የአንዷ ቅንጣት ውፍረት የፀጉር ዘለላ አያክልም፤ ልባሷ ግን ጠንካራ ስለሆነ አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ሺህ ዓመት ሳትበሰብስ ትቆያለች። ተመራማሪዎች ውሃው ላይ ሆነው ረጅም ቱቦ ወደ ወለሉ ይሰዳሉ፤ ቱቦው ሲወጣ የጭቃ ዓምድ ይዞ ይወጣል፤ ከላይ የዘንድሮው፣ ከታች የቅድመ አያት ቅድመ አያት ዘመን። ዓምዱን እንደ ዳቦ ይቆራርጡታል፣ ድንጋይ በሚበላ አሲድ አሸዋውን ያስወግዳሉ፤ ከዚያ አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ «ይቺ ጥድ፣ ይቺ ሣር፣ ይቺ ክትክታ» እያለ በመቶ የሚቆጠሩ ቅንጣቶችን ይለቅማል። ምስር ከመልቀም ብዙም አይለይም፤ የምስሩ ግን ቶሎ ያልቃል። የየቁራጩ ዕድሜ በራዲዮካርቦን ይታወቃል።

ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብ እና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ያገኙትን በ2003 አሳተሙ። የዝግባና የጥድ ደኑ የተመነጠረው የዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ ነው። ከአክሱም ነገሥታት በፊት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ 1,800 ዓመት ያህል አካባቢው ክትክታና ሣር ሆኖ ኖረ፤ ክትክታ ደን በተነሳበት መሬት ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ያልተጠበቀው መጣ፦ ከ1400 እስከ 1700 ባሉት ዓመታት ጥዱ ከወይራው ጋር ተመለሰ። ባለፉት 300 ዓመታት ውስጥ ደግሞ እንደገና ተቆረጠ።

እንግዲህ «ትናንት ጫካ፣ ዛሬ ምድረ በዳ» የሚለው ታሪክ ቢያንስ ለሐይቅ አይሠራም። አያቶቻችን ያረሱት ኮረብታ ሁለት ጊዜ የተመነጠረ ነው። «አንዴ የጠፋ ደን አይመለስም» የሚለውም አልሠራም፤ ችግኝ ጣቢያም ዘመቻም በሌለበት ዘመን ተመልሷል። ለምን ተመለሰ? ዝናቡ ስለበረታ ነው፣ ሰው መሬቱን ትቶ ስለሄደ ነው? ጭቃው ዛፉን ይቆጥራል እንጂ ምክንያቱን አይጽፍም። አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ፦ ይህ የሁለት ሐይቆች ዙሪያ ታሪክ ነው። ጅማን ወይም ባሌን በሐይቅ ጭቃ መመስከር አይቻልም፤ በእኛ ዘመን የተቆረጠውም ተቆርጧል።

የመጨረሻው በሳህን የሚቀርበው ነው። ሐይቅ ከተማ ወርዶ ጥብስ ዓሣ ያላዘዘ መንገደኛ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ቆሮሶውን የሐይቁ ተወላጅ አድርጎ ይበላዋል። ቆሮሶ ግን እንግዳ ነው፤ ለምግብ ተብሎ በ1970ዎቹ መገባደጃ የገባ። ውሃው ራሱ ያኔ ሌላ ነበር። የውሃ ጥራት የሚለካው በቀላል ዘዴ ነው፤ ሳህን የመሰለ ነጭ ክብ በገመድ ታስሮ ይወርዳል፣ ከዓይን የጠፋበት ጥልቀት ይመዘገባል። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ በሐይቅ ሲለኩ ክቡ እስከ 9 ሜትር ድረስ ይታይ ነበር። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ በ1992 ባሳተሙት ጥናት ግን ሁለት ሜትር ሳይሞላ ይሰወራል። ከተጠረጠሩት አንዱ ቆሮሶው ነው፦ አረንጓዴ ዋቅላሚን የሚግጡትን ደቃቅ የውሃ እንስሳት ሲበላ፣ ዋቅላሚው ያለ ከልካይ ይፋፋል። ሐይቁ «ድሮም አረንጓዴ ነው» የሚል ወጣት ካጋጠማችሁ አልዋሸም፤ እሱ ሲወለድ አረንጓዴ ነበር። አባቱን ጠይቁት።