500 ግራም፦ የውድድር ሽጉጥ ምላጭ እንዴት ይስተካከላል?

በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲያነጣጥር የተነሣው ፎቶ ያልደረሰበት አገር የለም። ብዙዎች እንደ ጉራ ቆጠሩበት። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ሕግ መሣሪያው በአንድ እጅ ብቻ እንዲያዝ ያዛል። ሥራ የሌላት እጅ ሰውነትን እንዳታወዛውዝ ኪስ ወይም ቀበቶ ውስጥ ትገባለች። እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ሊመዝን የሚችለውን ሽጉጥ የምትሸከመውም፣ የምታነጣጥረውም፣ ምላጩን የምትስበውም ያችው አንዲት እጅ ናት። ጣት ስትንቀሳቀስ ደግሞ መዳፍም አብሮ መጨበጥ ይፈልጋል። የውድድር ሽጉጥ ሠሪዎች ምላጩ ላይ ያን ያህል የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

ሒሳቡን እንየው። የዒላማው የ10 ነጥብ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊሜትር ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ያክላል። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ማነጣጠሪያ ያለው ርቀት 33 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ ሽጉጥ ላይ፣ ምላጩ ሲሳብ የፊተኛው ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊሜትር ቢዛነፍ ጥይቷ ከመሃል 3 ሴንቲሜትር ያህል ርቃ ታርፋለች። 10 ሊሆን የነበረው ነጥብ 7 ሆነ ማለት ነው። ተኳሹ አነጣጥሮ ነበር፤ ያበላሸችው ጣቱ ናት።

ሽጉጡ ውስጥ በሞላ የተወጠረ መዶሻ አለ። መዶሻውን አንድ ትንሽ የብረት ጥርስ ይዞ ያቆየዋል። ምላጩ ጥርሱን ሲያላቅቀው መዶሻው ተስፈንጥሮ ቫልቩን ይመታል፣ የታመቀው አየር ይለቀቃል፣ 4.5 ሚሊሜትር የሆነችውን የእርሳስ ጥይትም ይገፋታል። የስዊሱ ሞሪኒን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ይህን ማላቀቅ በኤሌክትሮኒክ የሚያከናውኑ ሽጉጦችም ይሠራሉ፤ ጣት የሚሰማው ግን ያው ነው።

የሚሰማውም ሁለት እርከን ነው። በመጀመሪያው እርከን ምላጩ በለስላሳ ግፊት ጥቂት ወደ ኋላ ይሄድና ግድግዳ የነካ ያህል ይቆማል። ተኳሹ እዚያ ላይ ሆኖ ማነጣጠሪያውን ያረጋጋል። ሁለተኛው እርከን ትንሽ ተጨማሪ ግፊት ብቻ ይጠይቃል፤ በደንብ በተስተካከለ ምላጭ ላይ ጣት የተንቀሳቀሰች ሳይመስል ተኩሱ ይወጣል።

ሕጉ የሁለቱ እርከኖች ድምር ከ500 ግራም እንዳያንስ ያስገድዳል። ፈተናው ቀላል ነው፦ አፈሙዙ ወደ ላይ ይቆምና 500 ግራም የሚመዝን ብረት ምላጩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ብረቱ ከተቀመጠበት ሲነሣ ሽጉጡ ካልለቀቀ አለፈ። በ25 ሜትር ውድድር ገደቡ 1000 ግራም ነው። በ50 ሜትሩ ነጻ ሽጉጥ ግን ገደብ የሚባል ነገር አልነበረም። ደቡብ ኮሪያዊው ጂን ጆንግ ኦ በ2008፣ በ2012 እና በ2016 ወርቅ የወሰደበት ይህ ውድድር ከሪዮ በኋላ ከኦሊምፒክ ወጥቷል።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚቸኩለው ምላጩን ለማቅለል ነው። እኔ ከቦታው መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ምላጩ በተገጠመበት ሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፣ ወደ ጎንም ዘንበል ይላል። የአመልካች ጣት የመጀመሪያዋ አንጓ ለስላሳ መሃል ምላጩ ላይ ስታርፍ፣ የቀረው የጣት ክፍል እጀታውን መንካት የለበትም። ምላጩ ከቀረበ ጣት ታጥፋ ሽጉጡን ወደ ጎን ትገፋለች፤ ከራቀ ደግሞ ጫፏ ብቻ ይደርስና ትጎትተዋለች። ግፊቱ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ይህ ሳይስተካከል የትኛውንም ብሎን ማዞር ድካም ነው።

ክብደቱ ቀጥሎ ይመጣል። ሞላ ሲሠራ ይላላልና ልክ 500 ላይ ማቆም አደጋ አለው፤ ከውድድር በኋላ በዕጣ የተመረመረ ሽጉጥ ምላጩ ከ500 ግራም በታች ሆኖ ከተገኘ ተኳሹ ይሰረዛል። 510 ወይም 520 ላይ ማድረግ ይሻላል። ከዚህ ውስጥ 350 እስከ 400 ግራም ያህሉን ለመጀመሪያው እርከን መስጠት የተለመደ ነው። ሁለተኛው እርከን በጣም ከቀለለ ግድግዳው ይጠፋል፣ ተኳሹም ሳያስበው ይተኩሳል፤ በጣም ከከበደ ደግሞ መዳፍ ይጨብጣል።

መጨረሻ የሚነካው የማቆሚያው ብሎን ነው። ጥርሱ ከተላቀቀ በኋላ ምላጩ የሚሄደውን ትርፍ መንገድ ይቆርጣል፤ ጥይቷ ገና ከአፈሙዝ ሳትወጣ ጣት እንዳትንጠው ይከላከላል። ከልክ በላይ ከገባ ግን ተኩሱን ራሱን ያግደዋልና፣ ጥቂት ክፍተት መተው ግድ ነው።

ጥርሱን በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ የሚሞክሩ አሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የጥርሱ ማዕዘን በትንሹ ከተለወጠ ሽጉጡ ሳይነኩት ሊለቅ ይችላል፣ የተሞረደውም ብረት አይመለስም። ሸካራነት ከተሰማ ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ ወይም ወደ ፋብሪካው ይላክ። ብሎን ስታዞሩም በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ ይሁን፤ የነበረበትንም ቦታ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ማስተካከሉ ሲያልቅ ጥይት አለመኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ፣ መዶሻውን ወጥሩ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማ አቅጣጫ አድርጋችሁ እጀታውን በመዳፍ ደጋግማችሁ መታ መታ አድርጉት። አንድ ጊዜ እንኳ በራሱ ከለቀቀ ሁለተኛውን እርከን መልሳችሁ አጥብቁ፤ እንደዚያ ያለ ሽጉጥ ይዛችሁ ወደ መተኮሻ መስመር አትቅረቡ።