ብረትም ይደክማል

የስልካችሁ የቻርጀር ገመድ ቶሎ የሚበላሸው የት ጋ ነው? አንገቱ ላይ! አንድ ቀን በኃይል ስለጎተታችሁት አይደለም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚታጠፍ ውስጡ ያለው መዳብ ደክሞ ይበጠሳል። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ስለ ብረት እንድጽፍ ያደረገኝ ግን የአጎቴ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው።

አምና ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ አብሬው ስመጣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ከኋላ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ከተደራረቡት የባሌስትራ ብረቶች አንዱ ለሁለት ተሰብሯል። አጎቴ «ያቺ ጉድጓድ ናት የሰበረችው» አለ። ስብራቱን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ግማሹ ዝጎ ጠቁሯል፤ ግማሹ ብቻ አዲስ ሆኖ ያብረቀርቃል። ስንጥቁ ከቆየ ሰንብቷል ማለት ነው። ጉድጓዷ ጨረሰችው እንጂ አልጀመረችውም።

ጋራዥ ስንገባ ምርጫው ሁለት ነበር፦ በርካሽ ማስበየድ ወይም አዲስ መግዛት። ልዩነቱን አስልቼ «ጋሼ፣ ብየዳው ያዋጣል» ያልኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ሳምንት እዚያው ብየዳው አጠገብ ተሰበረ። ደግነቱ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ እየሄደ ነበር። ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ቢሆንስ ኖሮ?

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክሰል ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰው አልቋል። በኋላ ኦገስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ የባቡር ኢንጂነር አክሰሎችን ደጋግሞ እየፈተነ አንድ ነገር አሳየ፦ በአንድ ጊዜ ብረቱን ፈጽሞ የማይሰብር ጭነት፣ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ይሰብረዋል።

ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከገጹ ነው። አንዲት ጭረት ወይም ዝገት የበላት ነጥብ ትበቃለች። ገጹ በተለጠጠ ቁጥር ስንጥቁ ይከፈታል፣ ያድጋል።

መፍትሔው ገርሞኛል፦ ብረቱን መደብደብ! ሾት ፒኒንግ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚያንሱ የብረት፣ የመስታወት ወይም የሴራሚክ ኳሶች በከፍተኛ ፍጥነት ገጹ ላይ ይረጫሉ። የተመታው ገጽ ወደ ጎን መስፋት ይፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ግን አይለቀውም። ስለዚህ ገጹ እንደተጨመቀ ይቀራል። ትርፍ የጫነ ሚኒባስ ውስጥ እንደተጣበቅነው ማለት ነው፤ ክፍተት መፍጠር ከባድ ነው። ስንጥቅም እንዲሁ መከፈት ያቅተዋል። የተጨመቀው ሽፋን ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የብረቱን ዕድሜ ግን በብዙ እጥፍ ሊያራዝም ይችላል። የአውሮፕላን ማረፊያ እግርና የሞተር ክፍሎችም በዚህ መንገድ ይደበደባሉ። ባሌስትራ ደግሞ ጭነት ሲያርፍበት የሚለጠጠው በላይኛው ገጹ ስለሆነ እዚያ በኩል ይመታል።

ይህን ሳስረዳው አጎቴ ሳቀ። «ታዲያ እኛስ በመዶሻ ብንቀጠቅጠው?» አለኝ። አይሆንም። ምቱ እኩል መዳረስና መለካት አለበት። ጆን አልመን የተባለ የጀነራል ሞተርስ ኢንጂነር ለዚህ ስስ የብረት ቁራጭ ተጠቀመ፤ አንድ ገጹ ሲመታ ቁራጩ ይጎብጣል፣ የጉብጠቱ መጠን የምቱን ኃይል ይናገራል። ዛሬም የሚለካው በዚሁ ነው። ደግሞም ሾት ፒኒንግ መከላከያ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ የተሰነጠቀን ብረት መልሶ አያድንም።

የኔ ስሌት የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የብየዳ እሳት የባሌስትራውን ጥንካሬ ያበላሻል፤ ያንን የተጨመቀ ገጽም ያጠፋዋል። እኔ ያወዳደርኩት ሁለት ዋጋዎችን ነበር፤ እቃዎቹ ግን አንድ አልነበሩም። አንዱ ባሌስትራ ነው፣ ሌላው የባሌስትራ ቅርጽ ያለው ብረት። መሃል መንገድ መቆምን፣ ከኋላ የሚመጣውን መኪና፣ የሰው ሕይወትን ደሞ ጭራሽ አልደመርኩም።

አጎቴ አሁን አዲስ አስገብቷል። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት በስልኩ መብራት ሥሩን ያያል፤ ቀጭን የዝገት መስመር ካየ አይጭንም። እናንተም መኪና ያለው አባት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይህችን ንገሩልኝ፦ የተሰበረ ባሌስትራ አይበየድም፣ ይቀየራል።