የደቡቡ ባሕር ዓሣ አንበሪዎችና ተመራማሪዎቻቸው

በዓለም ላይ ካሉት እንስሳት ሁሉ በአካሉ የሚበልጠው በየብስ የሚመላለሰው ዝሆን አይደለም፤ በውቅያኖስ የሚኖረው ሰማያዊው ዓሣ አንበሪ ነው። ርዝመቱ እስከ 30 ሜትር፥ ክብደቱም ከ100 ቶን በላይ ይደርሳል። በስሙ ዓሣ ይባል እንጂ በተፈጥሮው ዓሣ አይደለም፤ እንደ ላምና እንደ በግ ደሙ ሙቅ ነው፤ በሳንባው ይተነፍሳል፤ ሴቲቱም ልጇን ወልዳ በጡቷ ታሳድጋለች። ይልቁንም የሚያስደንቀው ምግቡ ነው። ይህን የሚያህል ግዙፍ ፍጥረት የሚኖረው ክሪል የሚባለውን፥ ከሰው ጣት የማይረዝመውን፥ ብዙ እግር ያለውን ትንሽ የባሕር ፍጥረት እየበላ ነው። ለመንከስ የሚሆን ጥርስ የለውም። በላይኛው መንጋጋው ግን እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ቀንድ መሳይ ነገር ተሰጥቶታል። ክሪል የሞላበትን ውሃ በአፉ ሙሉ ይጎርስና መልሶ ሲያስወጣው ውሃው በዚያ መካከል እንደ ወንፊት ተጣርቶ ይሄዳል፤ ክሪሉ ግን በአፉ ውስጥ ይቀርለታል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው የዚህን እንስሳና የባሕሩን ምሥጢር ለማወቅ የደከሙትን ሊቃውንት ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከእኛ እጅግ በራቀው፥ የደቡብ ዋልታን በከበበው በረዷማ ባሕር ላይ ነው። ነገር ግን ሰው አንድን ሀብት እያወቀ፥ እየቆጠረና እየጻፈ ሳለ እንዴት ሊያጠፋው እንደሚችል፥ ደግሞም እጁን ሲሰበስብ የጠፋ የመሰለው እንዴት ሊመለስ እንደሚችል ስለሚያሳይ፥ በየቤታችን ሆነን ልናስብበት የሚገባ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከዘይት ግብር የተገኘ ምርምር

በአትላንቲክ ውቅያኖስ ደቡባዊ ክፍል ደቡብ ጆርጂያ የምትባል፥ ተራሮቿን በረዶ የሸፈናቸው ደሴት አለች። በ1775 እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ ደርሶባት ነበር። በ1904 ካርል አንቶን ላርሰን የተባሉ የኖርዌይ ካፒቴን በዚህች ደሴት ግሪትቪከን በተባለው ወደብ የዓሣ አንበሪ ማረጃና ስቡን አቅልጦ ዘይት ማውጫ ሥፍራ አቋቋሙ። ዘይቱ ለሳሙናና ለማርጋሪን ቅቤ መሥሪያ፥ ለመብራትም ይሆን ነበርና ገበያው ደራ። በመጀመሪያው ጊዜ አዳኞቹ ከወደቡ ርቀው መሄድ እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ሃምፕባክ የሚባሉት ጎባጣ ዓሣ አንበሪዎች እዚያው በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ይመላለሱ ነበርና። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ግን እነዚህ በደሴቲቱ ዙሪያ እያነሱ ሄዱ፤ አዳኞቹም ወደ ሰማያዊውና ፊን ወደሚባለው ዓይነት ዞሩ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በዚያች በአንዲት ደሴት ብቻ ወደ 175,000 የሚሆኑ ዓሣ አንበሪዎች ታርደዋል።

ደሴቲቱን የሚያስተዳድረው የእንግሊዝ መንግሥት ነገሩን አይቶ ሠጋ። ሥጋቱ ለእንስሳው ከማዘን ይልቅ ሀብቱ እንዳይቋረጥ በማሰብ እንደ ነበር አንሸሽግም። በዘይቱ ላይ በተጣለው ግብርም የምርምር ሥራ እንዲቋቋም አደረገ። በ1925 ዲስከቨሪ የተባለችው መርከብ፥ ይኸውም ቀድሞ በ1901 ካፒቴን ስኮትን ይዛ ወደ አንታርክቲካ ጉዞ የጀመረችው፥ ሊቃውንቱን ይዛ ተነሣች። አለቃቸው ዶክተር ስታንሊ ኬምፕ ሲሆኑ ከጓደኞቻቸው መካከል የእንስሳት ዕውቀት ሊቅ አሊስተር ሃርዲ ይገኙ ነበር። በዚያው ዓመት በግሪትቪከን አጠገብ፥ ኪንግ ኤድዋርድ ፖይንት በተባለው የባሕር ዳርቻ አንድ የምርምር ቤት ተሠራ፤ የዚያም ኃላፊ ኒል ማኪንቶሽ ነበሩ።

የማኪንቶሽና የጓደኞቻቸው ሥራ ለዓይን የሚያምር አልነበረም። አዳኞቹ የጎተቱት በድን ከመከተፉ በፊት በደምና በሽታ መካከል ቆመው ርዝመቱን ይለካሉ፥ ጨጓራውን ከፍተው ምን እንደ በላ ያያሉ፥ ሴቲቱ ፅንስ እንዳላትና እንደሌላት መርምረው ይጽፋሉ። በደቡብ ጆርጂያና በደቡብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ እንዲህ አድርገው ከ1,600 በላይ ዓሣ አንበሪዎችን መረመሩ። ያገኙትም ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰማያዊው ዓሣ አንበሪ በበጋ በደቡቡ ባሕር ክሪል ሲመገብ ይከርምና ክረምት ሲሆን ለመውለድ ወደ ሞቃቱ ባሕር ይወጣል። ሴቲቱ ወደ 11 ወር ያህል ታረግዛለች። የምትወልደው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እርሱም ሲወለድ 7 ሜትር ያህል ይሆናል፤ 7 ወር ያህልም ይጠባል። ከዚያ በኋላ ሌላ እስክትወልድ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ያልፋል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ቁጥር ልብ ብለህ ተመልከተው። አይጥና ዓሣ ቢገደሉ ቶሎ ይተካሉ። በሁለትና በሦስት ዓመት አንድ ልጅ ብቻ የሚወልድ እንስሳ ግን በየዓመቱ በሺህ እየተገደለ ሊተካ አይችልም። ይህ እንግዲህ በ1929 ታትሞ ሊያነብ ለወደደ ሁሉ ተገልጦ ነበር።

ባሕሩን የጻፈው ሐር

አሊስተር ሃርዲ ደግሞ የባሕሩን ምግብ ለማወቅ አንድ ብልሃት አወጡ። ከመርከቢቱ በስተኋላ በገመድ የሚጎተት፥ በፊቱ ትንሽ ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ሠሩ። በውስጡ የተጠቀለለ የሐር ጨርቅ አለ። መሣሪያው ሲጎተት ውሃው የሚያሽከረክረው መዘውር ሐሩን ቀስ በቀስ ይስበዋል፤ በቀዳዳው የሚገባው ውሃ በሐሩ ሲጣራ በባሕሩ ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቃቅን ሕያዋን በጨርቁ ላይ ይቀራሉ፤ ሌላ ሐርም መጥቶ ይሸፍናቸውና እንዳይበሰብሱ መድኃኒት ወዳለበት ዕቃ ተጠቅልለው ይገባሉ። መርከቢቱ ብዙ መንገድ ከተጓዘች በኋላ ሐሩ ሲዘረጋ እንደ ብራና ጥቅልል ይነበባል፤ በዚህ ማይል ሕይወት እንደ ሞላ፥ በዚያኛው ማይል ባሕሩ ባዶ እንደ ሆነ ይናገራል። የሃርዲ መሣሪያ ዛሬም በብዙ ውቅያኖሶች ከመርከቦች በስተኋላ ይጎተታል፤ ከ1991 ጀምሮም በደቡቡ ባሕር ላይ በየጊዜው ሲሠራበት ኖሯል።

ከዚህ ሁሉ ድካም የባሕሩ ሥርዓት ታወቀ። በደቡቡ ባሕር ጥልቅ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ አንታርክቲካ ሲቀርብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ለዕፀዋት ምግብ የሚሆነውን ጨው መሳይ ነገር ይዞ፥ ፍግ እርሻን እንደሚያለማ የላይኛውን ባሕር ያለማዋል። በበጋ በዚያ አገር ፀሐይ ቀንና ሌሊት ታበራለችና ከዓይን የረቀቁት የባሕር ዕፀዋት ይበዛሉ። ክሪል ዕፀዋቱን ይበላል፤ ዓሣ አንበሪው፥ ፔንግዊኑ፥ አቆስጣውና የባሕር ወፉም ክሪሉን ይበላሉ። ስለዚህ የታላላቆቹ ሁሉ ኑሮ በዚያ በትንሹ ላይ የቆመ ነው።

መዝገቡ ሲሞላ ባሕሩ ጎደለ

ሊቃውንቱ እንዲህ ሲጽፉ አዳኞቹም ሥራ አልፈቱም። ከ1925 ጀምሮ በድኑን ከኋላዋ በኩል ጎትታ ወደ ላይ የምታወጣ፥ በባሕር መካከል ቆማ ዘይቱን የምታወጣ የፋብሪካ መርከብ ስለ ተገኘች ወደ ደሴት መመለስ አላስፈለጋቸውም፤ ግብርና ፈቃድም ሊይዛቸው አልቻለም። ከ1930 እስከ 1931 በነበረው በአንዱ የአደን ወራት ብቻ ከ29,000 በላይ ሰማያዊ ዓሣ አንበሪዎች ተገደሉ።

በ1946 መንግሥታት በዋሽንግተን ተሰብስበው የዓሣ አንበሪ አደንን የሚወስን ስምምነት ተፈራረሙ። ነገር ግን ልኩን ሲወስኑ አንድ ትልቅ ስሕተት ነበረበት። በየዓመቱ የሚገደለው የተወሰነው በሰማያዊው መለኪያ ነበር፤ አንድ ሰማያዊ እንደ ሁለት ፊን፥ ወይም እንደ ሁለት ተኩል ጎባጣ፥ ወይም ሴይ እንደሚባሉት ስድስት ዓሣ አንበሪዎች ይቈጠር ነበር። በዚህ ሒሳብ ሰማያዊው ከዘር ማንዘሩ ቢጠፋ እንኳ ከልኩ እስካላለፉ ድረስ ሕግ ተላለፈ የሚባል የለም። ደግሞም በአንድ ግዳይ ብዙ ዘይት ስለሚገኝ አዳኙ እየቀነሰ የሄደውን ሰማያዊ ባየ ጊዜ አያልፈውም ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዳግላስ ቻፕማን፥ ራድዌይ አለንና ሲድኒ ሆልት የተባሉ ሦስት ሊቃውንት የቀሩትን ቈጥረው እንዲያስታውቁ ተሾሙ። በ1963 ያቀረቡት ቃል ግልጽ ነበር፤ ሰማያዊውና ጎባጣው እጅግ ጥቂት ቀርተዋል፥ አደናቸው ይቁም የሚል ነው። ለብዙ ዓመት ሲያመነቱ የቆዩት መንግሥታት ከዚህ በኋላ በዚያው በ1960ዎቹ ሁለቱ እንዳይገደሉ ከለከሉ። ይሁን እንጂ የሶቪየት ኅብረት መርከቦች የተከለከለውን በስውር ይገድሉ፥ የሐሰት ቁጥርም ያስታውቁ ነበር። በደቡቡ የምድር ክፍል ከ48,000 በላይ ጎባጣ ዓሣ አንበሪዎች ገድለው ሳለ ያስታወቁት 2,710 ብቻ እንደ ነበር ኋላ ተደረሰበት። ይህ በ1993 ሊገለጥ የቻለው ከራሳቸው ሊቃውንት አንዳንዶቹ እውነተኛውን ቁጥር የያዙትን ወረቀቶች ሳያጠፉ በስውር ስላኖሩ ነው። እውነትን በጽሑፍ መጠበቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን።

ከአደኑ በፊት በአንታርክቲካ ባሕር ወደ 239,000 የሚሆኑ ሰማያዊ ዓሣ አንበሪዎች እንደ ነበሩ ይገመታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀሩት በግምት 360 ናቸው። ከሺህ ሁለት እንኳ አልቀረም ማለት ነው።

እጅ ሲሰበሰብ

በ1982 የዓሣ አንበሪ ኮሚሲዮን ለንግድ የሚደረገው አደን ሁሉ እንዲቆም ወሰነ፤ ውሳኔውም ከ1985 እስከ 1986 ካለው ወራት ጀምሮ ጸና። በ1994 ደግሞ የደቡቡ ባሕር የዓሣ አንበሪዎች መጠበቂያ ሆነ። ዛሬ ተመራማሪዎቹ እንስሳውን ለማወቅ በድኑን አይጠብቁም። ድምፁን በውሃ ውስጥ በሚያዳምጥ መሣሪያ ይከተሉታል፤ ጅራቱንና ጀርባውን ፎቶግራፍ አንሥተው፥ እረኛ ከብቱን በመልኩ እንደሚለይ፥ አንዱን ካንዱ ይለያሉ።

ያዩትም ልብን ደስ የሚያሰኝ ነው። በአትላንቲክ ምዕራባዊ ደቡብ የሚኖሩት ጎባጣዎች 450 ያህል ብቻ ቀርተው ከነበሩበት ወደ 25,000 እንደ ደረሱ በ2019 የወጣ ጥናት አስታወቀ። በደቡብ ጆርጂያ በ2018 በተደረገው ፍለጋ የታየው ሰማያዊ ዓሣ አንበሪ አንድ ብቻ ነበር፤ በ2020 ግን በ23 ቀን ውስጥ 55 ታዩ። ይህ ማለት ሰማያዊው ወደ ቀድሞ ብዛቱ ተመልሷል ማለት አይደለም፤ በ1998 የተገመተው 2,280 ያህል ነበርና ይህ ከጥንቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የተሰበረው በስድሳ ዓመት ነው፤ የሚጠገነው ግን በብዙ ትውልድ ነው።

ደግሞም አዲስ ሥጋት ተነሥቷል። ዛሬ የንግድ መርከቦች ክሪሉን ራሱን ለዓሣ መኖና ለዘይት ያጠምዳሉ። በ1982 የጸናው ሌላ ስምምነት ለዚህ ልክ ያበጃል፤ አብዛኛው ማጥመድ በሚደረግበት በአትላንቲክ ክፍል 620,000 ቶን ሲደርስ ማጥመዱ እንዲቆም ተወስኗል። በ2025 ይህ ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወራቱ ሳይፈጸም ስለ ሞላ ማጥመዱ ተዘጋ። ከዚህም በቀር የክሪል ጫጩት በክረምት የሚመገበው ከባሕሩ በረዶ በታች ከሚበቅለው ዕፅ ስለ ሆነ የምድር መሞቅ በረዶውን ሲቀንስ የእርሱም ኑሮ ይጠባል። እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በዚያ በበረዶ ባሕር ላይ እንኳ የሚሠራ ምክር ነው።

ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ስናወራላቸው የእንስሳውን ግዙፍነት ብቻ ነግረን አናቁም። ለዘር ያኖረውን እህል በጥንቃቄ ሰፍሮ፥ ቁጥሩንም አውቆ፥ ከዚያ በኋላ የሚበላው ገበሬ መስፈሩ ምን ጠቀመው? የደቡቡ ባሕር ሊቃውንት ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ሰፈሩ፥ ጻፉ፥ አስጠነቀቁም፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ዕውቀቱ ፍሬ ያፈራው ሰዎች በመጨረሻ ሰምተውት እጃቸውን በሰበሰቡ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ቀድመው ባይጽፉት ኖሮ የሚሰማውም አይኖርም ነበርና ድካማቸው ከንቱ አልቀረም።

በግሪትቪከን ዛሬ የዘይቱ ጋኖችና ማብሰያዎች ዝገው ቆመዋል። በአጠገቡ ባለው በኪንግ ኤድዋርድ ፖይንት ግን ዛሬም ተመራማሪዎች አሉ። በ1925 ቀዳሚዎቻቸው የሞቱትን በለኩበት በዚያው ዳርቻ የዛሬዎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመለሱትን ሕያዋን ይቈጥራሉ።