እውነት ወይስ ተረት? ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ፈንጂውን እየገጨ ያፈነዳል?

ኪቶ ፉርዲሳ በተባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የምህንድስና ተማሪዎች ሳይቀሩ ፈንጂ ጠራጊ መርከብን ወፍራም ብረት ለብሶ ፈንጂ እየገጨ የሚያልፍ ታንክ አድርገው ያስቡታል። ተረት ነው። ፈንጂ ከነኩትማ ሥራው ያኔውኑ ያበቃል።

እውነቱ ይኸው። በዚያ ዘመን ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን እየተጓዙ በመካከላቸው የብረት ገመድ ይጎትቱ ነበር። ገመዱ ፈንጂውን ከባሕሩ ወለል ጋር ያሰረውን ሽቦ ይበጥስ ነበር፤ ፈንጂው ብቅ ሲል በጠመንጃ ይመቱት ነበር። አሜሪካኖች ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠሯቸው፣ በወፍ ስም የተጠሩት የላፕዊንግ ክፍል መርከቦች የተሠሩት ለዚሁ ነበር። ርዝመታቸው 57 ሜትር ያህል ነው።

«ጦርነት ሲያልቅ ፈንጂውም ያልቃል» የሚለውም ተረት ነው። በ1918 በስኮትላንድና በኖርዌይ መካከል 70,000 ያህል ፈንጂ ተጠምዶ ነበር። ወፎቹ ከሌሎች መርከቦች ጋር በ1919 ሊጠርጉት ወጡ፤ በሰላም ዘመን መርከበኞች ሞቱበት።

ለኤሌክትሪካል ተማሪ የምነግረው ግን ይህን ነው። አሜሪካን ሠራሹ ፈንጂ 136 ኪሎ ቲኤንቲ የያዘ ሆኖ፣ ከላዩ ረጅም የመዳብ ሽቦ ነበረው። የመርከቡ ብረት መዳቡን ሲነካ በጨው ውኃው ውስጥ ባትሪ ይፈጠራል፤ ያቺ ትንሽ ከረንት ሪሌውን (የኤሌክትሪክ ማብሪያውን) ትቀሰቅሳለች፣ ፈንጂው ይፈነዳል። ስለዚህ የብረቱ ውፍረት አያድንም፤ ፈንጂውን የሚያፈነዳው ራሱ ብረቱ ነው። መጀመሪያ ጠረጋው የተሞከረው በእንጨት የዓሣ ጀልባዎች ነበር። ኋላ ዳድሊ ኒኮልስ የተባለ ወጣት መኮንን መፍትሔ አመጣ፦ መርከቡ በዲናሞ ከረንት ወደ ባሕሩ እየለቀቀ የዚያን ባትሪ ጉልበት ያከሽፋል። በዚህም የብረት መርከቦች መጥረግ ቻሉ። ኒኮልስ ኋላ የታወቀ የፊልም ደራሲ ሆኖ ኦስካር ተሸልሟል። በእኔ እምነት ከሁለቱ ሥራዎቹ የሚበልጠው የመርከበኞቹን ነፍስ ያተረፈው ነው።

«ለእኛ ምናችን ነው?» የሚልም አይጠፋም። ከወፎቹ አንዷ ፋልከን የሰመጠች ሰርጓጅ መርከብ በ1925 እና በ1926 ስታወጣ ሥራውን የመራው ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ መኮንን ነበር። ይኸው ሰው በ1942 ምፅዋ መጥቶ፣ ጣሊያኖች ከተማዋን ከማስረከባቸው በፊት ያሰመጧቸውን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎች አንሳፈፈ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይልም ኋላ ምፅዋን ዋና ሰፈሩ አደረጋት።