ስማቸው የማይጠራ አምስት ሰዎች

የአሜሪካ ፉትቦል ሯጩ ሴኳን ባርክሊ በ2023 ለኒውዮርክ ጃይንትስ ሲጫወት 247 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጦ 962 ያርድ አገኘ። በአንድ ሩጫ 3.9 ያርድ ማለት ነው። ጃይንትሶች ለቀቁትና በቀጣዩ ዓመት ፊላደልፊያ ኢግልስ ገባ። እዚያ በመጀመሪያው ዓመቱ 2,005 ያርድ ሮጠ፤ በአንድ ሩጫ 5.8። በሊጉ ታሪክ በአንድ የውድድር ዘመን 2,000 ያርድ የሞሉት ከሱ በፊት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሰውዬው ያው ነው፤ ዕድሜውም በአንድ ዓመት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የተለወጡት ከፊቱ የሚቆሙት አምስቱ ናቸው።

እነዚህን አምስት ሰዎች ማየት የለመድኩት ልጄ ከነሱ አንዱ ስለሆነ ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ልጄ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ግራ ጋርድ ሆኖ ይጫወታል። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ በደወለ ቁጥር «እትዬ፣ ልጁ ስንት አገባ?» ይለኛል። ምንም አላገባም፤ ሥራው ማግባት አይደለማ! በሰርግ አስረዳሁት። ሙሽራው የሙሽሪት ደጃፍ ሲደርስ የሴቷ ወገኖች በሩን ይዘው አናስገባም ይላሉ፤ ሚዜዎቹ በትከሻቸው ገፍተው፣ ክፍተት ፈጥረው ያስገቡታል። ፎቶው ላይ ጎልቶ የሚወጣው ግን ሙሽራው ነው። ወንድሜ ሚዜ ሆኖ ስለሚያውቅ ወዲያው ገባው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። የአሜሪካ ፉትቦል 11 ለ11 ነው። ኳስ የያዘው ቡድን አሥር ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አሥሩን ከሞላ ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልሞላ ኳሱ ለተቃራኒው ይሄዳል። ወደፊት የሚኬደው ወይ ኳርተርባኩ ወርውሮ፣ ወይ ሯጩ ኳሱን ታቅፎ ነው። ከሁሉም ፊት የሚሰለፉት አምስቱ ኦፌንሲቭ ላይን ይባላሉ፤ መሃል ላይ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደኋላ የሚያቀብለው ሴንተር፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከነሱ ውጪ ደግሞ ሁለት ታክሎች። በተለመደው አሰላለፍ የተወረወረ ኳስ መቀበል አይፈቀድላቸውም። የተቃራኒን ማልያ ጨብጠው ካስቀሩም ሆልዲንግ ተብሎ አሥር ያርድ ወደኋላ ያስመልሳል። የልጄን ቁጥር በድምፅ ማጉያ የሰማሁት በዚህ ጥፋት ብቻ ነው።

ለሯጩ ያርዱ ይቆጠርለታል፤ ለኳርተርባኩ ውርወራው፣ ለተከላካዩ የጣለው ሰው። ለላይኑ ግን በውጤት ወረቀቱ ላይ ይህን ሠራ ተብሎ የሚጻፍ ነገር የለም። ስለዚህ ደጋፊ በዓይኑ መዳኘት አለበት፤ ክርክሩም የሚጦፈው በዚህ የተነሳ ነው። አንዱ «ላይናችን ሞቷል» ይላል፣ ሌላው «ሯጩ ነው እንጂ ዓይን የሌለው» ይላል፤ ሁለቱም ያዩት ያንኑ ጨዋታ ነው።

ማየት ያስተማረኝ የልጄ ቡድን ሴንተር አባት ነው። ወጣት ሳለ ኮሌጅ ውስጥ ታክል ነበር፤ አርብ ማታ ሁልጊዜ ከኋላችን ይቀመጣል። ሯጩ ስንት ያርድ ሄደ ብዬ ስጠይቀው፣ መጀመሪያ የተነካው የት ላይ ነው ብሎ በጥያቄ ይመልስልኛል። ልክ ነው። ሯጩ ገና ኳሱን ሲቀበል ሁለት ሰው ላዩ ላይ ከነበረና እንደምንም ተጠማዝዞ ስድስት ያርድ ከሄደ፣ ስድስቱ የሱ የብቻው ናቸው፤ ላይኑ ወድቋል። ማንም ሳይነካው አምስት ያርድ ሄዶ እዚያው ከወደቀ ደግሞ አምስቱን የሰጠው ላይኑ ነው፤ የጎደለው ከሯጩ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ስድስቱ ከአምስቱ ይበልጣል።

ቀጥሎ ያሳየኝ ዳሌን ነው። ዝቅ ያለ ያሸንፋል። ኳሱ ሲነሳ ወዲያው ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ የቱንም ያህል ግዙፍ ቢሆን ተገፍቶ ይመለሳል። እጁ በተቃራኒው ደረት መሃል ካረፈ ይገፋል፤ ወደ ጎን ከወጣ ማልያ ይጨብጣል፤ ዳኛውም ቢጫ ጨርቁን ይወረውራል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ጥንድ ሆኖ መግፋት ነው። ሴንተሩና ጋርዱ አንድን ግዙፍ ተከላካይ ሁለት ሆነው ይገፉታል፤ ገና እየገፉት አንዳቸው ለቀው ከኋላ የሚመጣውን፣ ላይንባከር የሚባለውን ተከላካይ መያዝ አለባቸው። ቶሎ ከለቀቁ ግዙፉ አይነቃነቅም፤ ከዘገዩ ላይንባከሩ ደርሶ ሯጩን ይጥለዋል። ልጄ ማታ ማታ ቪዲዮውን እየመለሰ የሚያየውና በራሱ የሚናደደው በዚህች ግማሽ ሴኮንድ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ የላይኑ ልጆች በየተራ አንዱ ቤት እራት ይበላሉ። የኛ ተራ ሲደርስ ጥብስና ምስር ወጥ በትልቅ በትልቁ ድስት እሠራለሁ፤ ተጠርጎ ነው የሚያልቀው። አንድ ቀን ከእራት በኋላ ቡና ላፈላ ስል ልጄ ሲኒዎቼን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ጀበናዋ ሴንተር ሆነች፤ ስኳር መያዣው ሯጭ። «እማዬ፣ ኳሱን አትይ፤ እኔን እይ» አለና አሳየኝ። ሯጩ መጀመሪያ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይረግጣል፤ ተከላካዮቹም አብረውት ያጋድላሉ። በዚያችው ቅጽበት ግራ ጋርዱና ግራ ታክሉ ቦታቸውን ለቀው ወደ ቀኝ ይሮጣሉ። ጋርዱ ቀኝ ዳር ያለውን ተከላካይ ወደ ውጪ ይመታዋል፤ ታክሉ በተከፈተው ክፍተት ቀድሞ ገብቶ ቀጥሎ የመጣውን ያስወግዳል፤ ሯጩም ተመልሶ ከኋላው ይገባል። ካውንተር ትሬይ ይሉታል። ከዚያ ቀን በኋላ ሯጩ የሐሰት እርምጃዋን ሲረግጥ ልቤ ይመታል፤ ልጄ ሊሮጥ ነው ማለት ነዋ።

ይህን አጨዋወት ዝነኛ ያደረገው የኛው የዋሽንግተን ቡድን መሆኑን የነገረኝም ያው የሴንተሩ አባት ነው። አሠልጣኙ ጆ ጊብስ ነበሩ። በ1982 የላይኑ አሠልጣኝ ጆ ቡገል ልጆቻቸውን «ሆግስ»፣ አሳማዎቹ፣ ብለው ጠሯቸው። ለኛ ጆሮ ስድብ ነው፤ እነሱ ግን ኮሩበት፤ ደጋፊዎችም የአሳማ አፍንጫ እያደረጉ ስታዲየም መግባት ጀመሩ። በዚህ ስፖርት ውስጥ ሕዝብ ለአምስት ስም የለሽ ሰዎች እንዲህ ሲያብድ ከዚያ በፊት የታየ አይመስለኝም። ከመካከላቸው ጆ ጃኮቢን በ1981ዱ የተጫዋቾች ምርጫ አንድም ቡድን አልመረጠውም ነበር። ረስ ግሪም ደግሞ በ2010 የዝነኞች አዳራሽ ገባ።

ጥር 30 ቀን 1983 ፓሳዲና ላይ በተደረገው ሱፐር ቦውል፣ በሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ዋሽንግተን በማያሚ 17 ለ13 እየተመራ ነበር። በአራተኛው ሩብ፣ በአራተኛው ሙከራ፣ አንድ ያርድ ሲጎድላቸው ኳሱን ለጆን ሪጊንስ ሰጡት። በግራ በኩል ወጣ፤ ዶን ማክኒል የተባለው ተከላካይ ማልያውን ቢይዝም አራግፎት 43 ያርድ ሮጦ አገባ። በዚያ ቀን 38 ጊዜ ሮጦ 166 ያርድ አገኘ፤ ዋሽንግተንም 27 ለ17 አሸነፈ። የዚህ አካባቢ ሽማግሌዎች ይህን ሩጫ ሲያወሩ የሪጊንስን ስም ያስቀድማሉ፤ ትንሽ ቆይተው ግን በግራ በኩል የነበሩት ጃኮቢና ግሪም ናቸው ይሏችኋል።

ለኔ ከዚያም በላይ የሚያሳምነኝ ከአምስት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። ቲሚ ስሚዝ የሚባል የዋሽንግተን ጀማሪ ሯጭ በመደበኛው የውድድር ዘመን በድምሩ 126 ያርድ ብቻ ነበር የሮጠው። በጥር 1988 ሳንዲዬጎ ላይ ዴንቨርን 42 ለ10 ሲረቱ፣ በአንድ ከሰዓት 204 ያርድ ሮጠ። እስካሁን በሱፐር ቦውል ማንም አልበለጠውም። ከዚያ በኋላ ግን ሩቅ አልሄደም፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ከዋሽንግተን ወጥቶ ነበር። ያን ቀን ዳር እስከ ዳር የተከፈተው መንገድ የማን ሥራ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ይህን ስል ሯጩ ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም። ባርክሊ በኅዳር 2024 ከጃክሰንቪል ጋር ሲጫወቱ ጀርባውን እንደሰጠ አንድን ተከላካይ ከላይ ዘሎታል፤ ያንን የሚያስተምር ላይን የለም። ግን ያ ችሎታ ኒውዮርክ ሳለም አብሮት ነበር፤ በ2018 ገና ሲጀምር 1,307 ያርድ ሮጧል። ችሎታ ከእግሩ አልወጣም፤ መንገድ ግን አልነበረውም።

ጥር 26 ቀን 2025 ይኸው ባርክሊ በእኛው ቡድን ላይ መጣ። ዋሽንግተን ኮማንደርስ ከብዙ የመከራ ዓመታት በኋላ ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ማልያ ለብሶ ነበር የሰነበተው። የመጀመሪያ ጥቃታችን ረጅም ሄዶ በሦስት ነጥብ አለቀ። ፊላደልፊያ ኳስ አገኘ፤ ባርክሊ ኳስ በነካበት በመጀመሪያው ሙከራ 60 ያርድ ሮጦ አገባ። ጨዋታው 55 ለ23 አለቀ፤ ከፊላደልፊያ ጎሎች ሰባቱ በሩጫ የገቡ ናቸው። በሁለተኛው አጋማሽ ጎል መስመር ላይ ፊላደልፊያዎች ኳርተርባካቸውን ከኋላ እየገፉ በሚያስገቡበት አጨዋወት ሲመጡ፣ ፍራንኪ ሉቩ የሚባለው የኛ ተከላካይ ኳሱ ሳይነሳ በላያቸው ደጋግሞ ዘለለ። በመጨረሻም ዳኛው፣ ይህ ከቀጠለ ነጥቡ ለፊላደልፊያ ሊሰጥ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። ሰውዬውን አልፈርድበትም። አምስቱ አንዴ ከተነሱ የሚያቆማቸው እንደሌለ አውቆታል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በኒው ኦርሊንስ ሱፐር ቦውል ባርክሊ 25 ጊዜ ሮጦ ያገኘው 57 ያርድ ብቻ ነው። ወረቀት ብቻ የሚያይ ሰው ላይኑ ወደቀ ይላል። ተጋጣሚው ካንሳስ ሲቲ ግን ዋና ሐሳቡ ሩጫውን ማስቆም ነበር፤ ሰዎቹን ወደፊት ሲሰበስብ ለውርወራ ሰፊ ቦታ ተከፈተ፤ ፊላደልፊያም 40 ለ22 አሸነፈ። ስለዚህ ሯጩ ትንሽ ያርድ ሲያገኝ ከመፍረዳችሁ በፊት፣ ላይኑ ፊት ለፊት ስንት ተከላካይ ቆሞ እንደነበር ቁጠሩ። ስምንት ከሆኑ አምስቱ ብቻቸውን አይበቁም።

ከዚያ ላይን የኔ ልብ ያለው ግራ ታክሉ ጆርዳን ማይላታ ላይ ነው። ወላጆቹ ከሳሞአ ወደ አውስትራሊያ የሄዱ ናቸው። እዚያ ራግቢ ነበር የሚጫወተው፤ በ2018 ፊላደልፊያ በ233ኛ ተራ ሲመርጠው በሕይወቱ አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ አልተጫወተም ነበር። ከ2 ሜትር በላይ ቁመት፣ ከ150 ኪሎ በላይ ክብደት፣ ዕውቀት ግን ባዶ። የላይኑ አሠልጣኝ ጄፍ ስታውትላንድ ከአቋቋም ጀምረው አስተማሩት። ልጄ ኳስ የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ጓደኞቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲጫወቱ እሱ እሑድ እሑድ ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበር። የማይላታን ታሪክ ያነበበ ዕለት ነው ወኔው የተመለሰለት።

እኔም እንደማንኛዋም እናት ጉልበቱንና ጭንቅላቱን እፈራለሁ፤ በየሙከራው የሚላተመው ላይኑ ነውና። ቢሆንም አርብ ማታ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም።

እዚህ አገር ልጆቻችሁ ላይን ላይ የሚጫወቱ ወላጆች፣ ጨዋታው አይገባንም ብላችሁ ቤት አትቅሩ። ሄዳችሁ ከሌሎቹ የላይን ወላጆች ጋር ተቀመጡ፤ ያላወቃችሁትን ጠይቁ፣ በደስታ ያስረዷችኋል። ኳሱ ሲነሳ ዓይናችሁን ልጃችሁ ላይ አድርጉ። መንገዱን ከከፈተ ድምፅ ማጉያው የሯጩን ስም ነው የሚጠራው፤ የልጃችሁን ስም እናንተ ጩኹበት።