በአሜሪካ ለሚኖሩ ልጆቻችን ስለ ውትድርና መዝገብ ለወላጆች የቀረበ ማሳሰቢያ

በአገራችን በቀደመው ዘመን ወንድ ልጅ ለዘመቻ የሚጠራው በነጋሪት ድምፅ ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋን ዘመቻ ሲያውጁ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1928 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ፥ ባላገሩ ስንቁን ቋጥሮ በአለቃው ሥር ከተተ እንጂ የእያንዳንዱ ጎልማሳ ስምና የትውልድ ቀን አስቀድሞ በመዝገብ ተጽፎ አልቈየውም። ብዙ ዘመዶቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ አገር ግን ነገሩ የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ሴሌክቲቭ ሰርቪስ ከሚባለው መሥሪያ ቤት በስሙ ደብዳቤ ይመጣለታል፤ በቤቱም ብዙ ጊዜ ድንጋጤ ይሆናል።

ይህ ድንጋጤ ምክንያት የሌለው አይደለም። የደርግ መንግሥት በ1975 ዓ.ም. ባወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ሰው ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ታዝዞ ነበር። በዚያ ዘመን የሰው ልጅ ከመንገድና ከገበያ ሲታፈስ ያየች እናት፥ ዛሬ በባዕድ አገር የልጇን ስም በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ብታይ፥ መዝገብና ሞት አንድ መስለው ቢታዩዋት አይፈረድባትም። ሆኖም ወረቀቱን ቀዳ ብትጥለው ልጇን ከጦርነት ያዳነች ይመስላታል እንጂ አላዳነችውም፤ ምናልባትም ሌላ ጉዳት ታመጣበታለች። ስለዚህ የሕጉን አካሄድ በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ ወጣቶችን መዝግቦ የመመልመል ሕግ አወጣች። በ1940ም ይኸው ሥርዓት እንደ ገና ቆመ። በቬትናም ጦርነት ዘመን በሕዝቡ መካከል ብዙ ክርክር ካስነሣ በኋላ በ1973 በግዴታ መመልመል ቀረ፤ ከዚያም ወዲህ ሠራዊቱ በፈቃዱ በሚገባ ሰው ብቻ ይቆማል። መዝገቡም በ1975 ተዘግቶ ነበር፤ ነገር ግን ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን ከወረረች በኋላ በ1980 እንደ ገና ተከፈተ። እንግዲህ ከ1973 ወዲህ ስሙ በዚህ መዝገብ ስለ ገባ ብቻ ተገድዶ ወደ ጦር ሜዳ የተላከ ሰው የለም። ምልመላ እንዲጀመር ኮንግሬስ ሕግ ማውጣት፥ ፕሬዚዳንቱም ማዘዝ ይኖርባቸዋል፤ ከዚያም በልደት ቀን ዕጣ ይወጣል፥ አስቀድሞም የሚጠራው በዚያ ዓመት 20 ዓመት የሚሞላው ነው።

ሕጉ የሚመለከተው ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉትን ወንዶች ነው፤ ሴቶችን አይመለከትም። የአገሩ ዜጋ ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፥ ስደተኛው፥ ጥገኝነት የጠየቀውም፥ ያለ ፈቃድ የሚኖረውም በመዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት። በተማሪነት ቪዛ ገብቶ ፈቃዱን ጠብቆ የሚኖር ግን አይገደድም። ብዙ ወላጆች፥ ልጃችን አንድ ብቻ ነውና፥ ወይም ዲያቆን ነውና አይነካውም ሲሉ እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው፤ አንድያ ልጅም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይም ይመዘገባል። ሕሊናዬ ጦር መሣሪያ መያዝን አይፈቅድልኝም የሚለውም ቢሆን መመዝገብ አለበት፤ ምክንያቱን የሚያቀርበው ምልመላ መጥቶ በተጠራ ጊዜ ነው።

በሕግ የተጻፈው ቅጣት እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ነው። ከ1986 ወዲህ በዚህ ጥፋት የተከሰሰ ሰው ባይኖርም፥ ጉዳቱ በሌላ በር ይገባል። ልጁ 26 ዓመት ከሞላው በኋላ መመዝገብ ቢፈልግም አይቻለውም። እያወቀ ሳይመዘገብ የቀረ በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ አይቀጠርም። ዜግነት የሚጠይቅም ከ26 እስከ 31 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሆነ፥ አለመመዝገቡ አውቆና ሆን ብሎ እንዳልነበረ ማስረዳት ይኖርበታል። እኛም በፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ስንገልጥ የምንውል ስለ ሆንን፥ ሰው ከክርክሩ ፍሬ ነገር ይልቅ በቀነ ቀጠሮ ማለፍ ሲረታ ብዙ ጊዜ አይተናል። እናት በፍቅር የቀደደችው ወረቀት ከስምንት ዓመት በኋላ በልጁ ፊት ሙግት ሆኖ ቢቆም ምንኛ ያሳዝናል!

እስከ ቅርብ ጊዜ የነበረው ደንብ ወጣቱ ራሱ 18 ዓመት ከሞላው እስከ 30 ቀን፥ ከሌላ አገር የመጣም ከገባ እስከ 30 ቀን እንዲመዘገብ ነበር። በዲሴምበር 2025 የጸደቀው ሕግ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ መሥሪያ ቤቱ በመንግሥት እጅ ካለው መዝገብ ስሙን ራሱ እንዲያስገባ አዘዘ። ቢሆንም በስማችን አጻጻፍ፥ በአባት ስም ልማዳችንና በልደት ቀን ለውጥ ምክንያት የልጆቻችን ወረቀቶች ብዙ ጊዜ እንደማይስማሙ እናውቃለን፤ ስለዚህ መንግሥት ይጽፈዋል ብሎ መተኛት አይገባም።

እንግዲህ ክቡራን ወላጆች፥ ደብዳቤው ሲመጣ ከልጃችሁ ጋራ ተቀምጣችሁ አንብቡት። በደርግ ዘመን በአገራችን የሆነውን ንገሩት፤ የምትፈሩት ለምን እንደ ሆነ ማወቁ መልካም ነውና። ስሙ በትክክል መግባቱን አረጋግጡ፥ የምዝገባውንም ማስረጃ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋራ አኑሩት። ዕድሜው ያለፈበት ልጅ ያላችሁ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ስለ ምዝገባው ሁኔታ የሚሰጠውን ደብዳቤ ጠይቁ፥ የዜግነት ማመልከቻ ከማስገባቱም በፊት ሕግ ዐዋቂ አማክሩ።