ከመቀሌ እስከ አሶሳ፦ የአየር ርቀትና የጉዞ ጊዜ

በመቀሌና በአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ቀጥተኛ የአየር ርቀት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 550 ኪሎ ሜትር የሚበር የጭነት አውሮፕላን ይህን በ1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያቋርጠዋል። ይሁን እንጂ በ1977 ዓ.ም. ከትግራይ ወደ አሶሳ ከተወሰዱት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ በዚህ መስመር አልተጓዙም። በአንቶኖቭ 12 አውሮፕላን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የምዕራቡን መንገድ በአውቶቡስ ይያያዙት ነበር። የመኪናው ጉዞ ብቻውን የቀጥታውን በረራ ርቀት ያህላል ማለት ነው። የአውሮፕላኑ የጭነት ክፍል የአየር ግፊቱ የማይጠበቅ በመሆኑ፣ በረሃብ ለደከመ ሰው፣ ይልቁንም ለሕፃንና ለአረጋዊ፣ አጭሩ በረራም ቢሆን አደገኛ ነበር። የመመለሻው ጊዜ ግን በሰዓት አይቆጠርም፤ ከሰፈራው ወጥተው በእግር ወደ ሱዳን የተሻገሩና በዚያ ዞረው ትግራይ የገቡ ነበሩ።